ከመግዛት በፊት ካርቶኑን ክፈቱ

ክቡር አዘጋጅ፣

እዚህ ጀርመን የሞዴል ባቡር ነገር በተነሣ ቁጥር «የባለ ገንዘብ ጨዋታ ነው» ይባላል። አዲስ ለሚጀምር ሰው አባባሉ ከእውነት አይርቅም፤ አንድ ዲጂታል ሎኮሞቲቭ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዩሮ ይጠየቅበታል። አሮጌ ባቡሩን ምድር ቤት ላስቀመጠ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል በደርግ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን ሲማር የፒኮ ወይም የቢቲቲቢ ባቡር የገዛ፣ አለዚያም ለልጆቹ ፍላይሽማን ወይም ሜርክሊን ገዝቶ ልጆቹ ሲያድጉ ያሸገ ይኖራል። የምጽፈው ለእሱ ነው፤ የምለውም ካርቶኑ ተከፍቶ በውስጡ ያለው ሳይጠረግና ሳይፈተሽ አንድም ዩሮ አይውጣ ነው። ወደ ጨዋታው የሚመለሰውን ሰው የሚያከስረው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ካለው ዕቃ ጋር የማይገጥም ዕቃ ቀድሞ መግዛቱ ነው።

መጀመሪያ የሚለየው ዓይነቱ ነው። በሐዲዱ መካከል ትንንሽ የብረት ነጥቦች ወይም ሦስተኛ ሐዲድ ከታየ በአብዛኛው የሜርክሊን ነው፤ ሎኮሞቲቩ ኤሌክትሪኩን ከሆዱ ሥር ባለች ረጅም የብረት ሸርተቴ ከመካከል ይወስዳል፣ የሚሠራውም በተለዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። መካከሉ ባዶ ከሆነ በሁለቱ ሐዲዶች ብቻ፣ በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የሜርክሊን ፉርጎ የግራና የቀኝ ጎማው በብረት የተገናኘ ስለሆነ ባለ ሁለት ሐዲዱ ላይ ሲቀመጥ ወዲያው ኮንታክት ይፈጥራል። ከዚያ በሐዲዶቹ ውስጠኛ ጠርዞች መካከል ያለውን ስፋት ለኩ፦ 16.5 ሚሊ ሜትር ጀርመኖች ሃ-ኑል የሚሉት፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር ቲቲ፣ 9 ሚሊ ሜትር ኤን ነው።

በትራንስፎርመሩ ግን ቁጠባ አይታሰብ። የገመዱ ልባስ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሶኬት ውስጥ ሲገባ የሚሸት ከሆነ ይወገድ፤ ማንም ከፍቶ አይጠግነው። የድሮዎቹ የሜርክሊን ትራንስፎርመሮች የተሠሩት ለ220 ቮልት ነው፤ ዛሬ ከግድግዳው የሚወጣው 230 ነው። በእነዚህ ትራንስፎርመሮች የባቡሩ አቅጣጫ የሚቀየረው 24 ቮልት ገደማ በሚሆን የኤሌክትሪክ ምት ነው፤ ግድግዳው ላይ ቮልቱ ሲጨምር ምቱም አብሮ ይጨምራል። አሮጌው ሎኮሞቲቭ ቢችለውም ዲጂታል መቀበያ ያለው አዲስ ሎኮሞቲቭ ሊቃጠልበት ይችላል። ለባለ ሁለት ሐዲዱ ከ0 እስከ 12 ቮልት የሚሰጥ ቀላል መቆጣጠሪያ ይበቃል። መግዛት የግድ የሚሆንበት ዕቃ ካለ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሎኮሞቲቩ። ሃያ ዓመት የተኛ ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ዝም ቢል ወይም እያጉረመረመ ቢቆም ሞተሩ ተቃጠለ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ይዞት ነው። በዚህ ጊዜ ኃይል ጨምሮ «እስኪነሣ» መጠበቅ ነው የሞተሩን ጠመዝማዛ ሽቦ የሚያቃጥለው። ቅርፊቱን በትንሽ ካቻቢቴ ክፈቱ፤ ከዚያ በፊት ግን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሡ፣ ብሎኖቹንም በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድሩ። የተጋገረውን ግራሶ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ የጆሮ ጥጥ ጥረጉ። አልኮሉ የተቀባውን ቅርፊት እንዳይነካ፤ ቀለም ያነሣል።

ቀጥሎ በሞተሩ ጫፍ ያለውን መዳብ፣ ኮሙቴተሩን ማለቴ ነው፣ በባትሪ መብራት እዩት። ደህና ሲሆን እንደ አሮጌ ሳንቲም ቡናማና ልሙጥ ነው። ከጠቆረ በአልኮል ጥጥ እስኪነጻ ይታሽ። ቁራጮቹን የሚለያዩት ጠባብ ክፍተቶች በካርቦን ብናኝ ከተሞሉ ኤሌክትሪኩ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ይሾልክና ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበትም ያጣል። በስቴኪኒ ጫፍ ብቻ ጥረጓቸው፤ መርፌ መዳቡን ይቧጥጣል፣ ጭረቱም ኮሙቴተሩን እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦን ይበላል። ያለቀ ካርቦን ጥቂት ዩሮ ያወጣል፣ በሎኮሞቲቩ ቁጥር ይታዘዛል። በድሮ ሞተሮች ግን የሚሽከረከረውን ክፍል ያለ ምክንያት ከማግኔቱ አታውጡት፤ ከእነዚያ ማግኔቶች አንዳንዶቹ ባዶ ሲቀሩ ይደክማሉ። ሁሉም ሲጸዳ ለእያንዳንዱ መሽከርከሪያ ጫፍ በመርፌ የተወሰደች አንዲት ጠብታ ፕላስቲክ የማይጎዳ ዘይት ይበቃል። ከአንዲት ጠብታ ያለፈው ወደ ኮሙቴተሩ ይፈስና ያጸዳችሁትን መልሶ ያጠቁረዋል። የወጥ ቤት ዘይት ፈጽሞ አይሆንም፤ ዛሬ ያሠራል፣ ከርሞ ሙጫ ይሆናል።

ከዚህ በኋላም በየጎማው ዙር አንድ ጊዜ ከነቀነቀ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጥርስ ፈልጉ። ጎማው እየዞረ ቆሞ ከቀረ በጎማው ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት ደንድኗል፤ ቀለበቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ ዲያሜትር ለክቶ ዲያሜትሩ ከእሱ በጥቂቱ ያነሰ ቀለበት መግዛት ነው። የብረት አካሉ አብጦና እንደ ደረቅ መሬት ተሰነጣጥቆ ከተገኘ ግን በዚንኩ ቅይጥ ውስጥ የገባ እርሳስ ያመጣው መበላት ነውና መድኃኒት የለውም። ሞተሩንና ጎማውን ለመለዋወጫ አስቀሩ።

ሐዲዱ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፤ ዝገቱ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በየጊዜው መጥረግ ይጠይቃል። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፣ እርጥበት ያበላሸዋል። ነጣ ያለውና ማግኔት የማይዘው የኒኬል ቅይጥ ነው፤ እሱን አትጣሉት። በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ግን የተለመደ ስሕተት ነው። ለዛሬ ያብለጨልጫል፣ ጭረቱ ውስጥ ግን ጥቀርሻ ይከማችና በሳምንቱ ይብሳል። አልኮል የነካው ጨርቅ ይበቃል።

አሁን ሐዲዱ የሚዘረጋበት ሠሌዳ። በሃ-ኑል ሙሉ ክብ ለመዘርጋት የተለመደው የጠባቡ መታጠፊያ ራዲየስ እንኳ 36 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከዳር ዳር አንድ ሜትር የሚጠጋ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ባቡሩም ከመዞር ሌላ ሥራ የለውም። እንግሊዛዊው አለን ራይት ያወጣው ኢንግልኑክ የሚባለው አሠራር ለትንሽ ቤትና ለትንሽ ኪስ የተፈጠረ ነው። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ 8 ፉርጎ፣ 2 የሐዲድ መቀየሪያና 3 ማቆሚያ መሥመር ብቻ ነው። አንደኛው መሥመር 5፣ ሁለቱ ደግሞ 3 3 ፉርጎ ይይዛሉ፤ መሳቢያው፣ ማለትም ሎኮሞቲቩ ፉርጎ ስቦ የሚወጣበት መሥመር፣ ሎኮሞቲቩንና 3 ፉርጎ ብቻ። በእያንዳንዱ ፉርጎ ስም ወረቀት ይጻፍና 5 ዕጣ ይወጣል፤ እነዚያን 5 በወጡበት ቅደም ተከተል አሰልፎ ማውጣት ነው ሥራው። ሊወጣ የሚችለው ሰልፍ 6,720 ዓይነት ስለሆነ መሰልቸት የለም።

በሃ-ኑል ስናሰላው፣ ባለ ሁለት አክስል ፉርጎ ከነማያያዣው 9፣ ትንሽ ሎኮሞቲቭ 13 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መሳቢያው 40፣ መቀየሪያው 18፣ ረጅሙ መሥመር 45 ይወስዳል። ለመተላለፊያ የሚሆን ትርፍ ቦታ ሲጨመርበት 120 በ30 ሴንቲ ሜትር ሠሌዳ ይበቃል፤ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቺፑድ አትግዙ፤ ይከብዳል፣ ይጎብጣል፣ እርጥበት ያሳብጠዋል። 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በቀጭን የእንጨት ክፈፍ ላይ ይሁን። ሁለት 90 ሴንቲ ሜትር የሚተጣጠፍ ሐዲድ ተቆርጦ ይዳረሳል። መቀየሪያዎቹን ስትመርጡ ሐዲዶቹ የሚተላለፉበት መስቀለኛው ብረት ሆኖ ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን ያዙ፤ ፕላስቲክ የሆነው ላይ አጭር ሎኮሞቲቭ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይሞታል። ኤሌክትሪኩም የሚገባው ከመሳቢያው፣ ማለትም ከመቀየሪያው ምላስ (ከሚንቀሳቀሰው ጫፍ) በኩል ብቻ ይሁን፤ ከወዲያ ጫፍ የገባ እንደሆነ መቀየሪያው ሲዞር ኮንታክት ይመጣል። ሽቦው በስታኞ ይያዝ፤ የሐዲድ ማያያዣ ቆርቆሮ ዛሬ ቢያስተላልፍ ከዓመት በኋላ ይላላል።

ዲጂታሉ ለዚህ ሠሌዳ አያስፈልግም። ጥቅሙ ብዙ ሎኮሞቲቭ በአንድ መሥመር ላይ ለየብቻ ማዘዝ ነው፤ እዚህ ያለው ሎኮሞቲቭ አንድ ነው።

የጎደለ ፉርጎ ለመግዛት በመኸርና በክረምት በየከተማው የሚደረገው የሞዴል ባቡር ገበያ ይሻላል፤ ያገለገለ ባለ ሁለት አክስል ፉርጎ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ይገኛል። ባለ ሁለት ሐዲድ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ልትገዙ ከሄዳችሁ ባለ 9 ቮልት ባትሪና ሁለት ሽቦ ኪሳችሁ ይኑር፤ ጎማው ላይ ለቅጽበት ሲነካ ሞተሩ መዞር አለበት። ፉርጎውን ደግሞ ከሥሩ እዩ፤ የስምንቱም ማያያዣ አንድ ዓይነትና በእኩል ቁመት ካልሆነ ጨዋታው ሁሉ መፈታትና መውደቅ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልብ የሚነካኝ እሱ ነውና። የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ማለትም የቲቲው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይስማማዋል። ካርቶን ውስጥ በዚሁ በቲቲ ስፋት የተሠራ የቢቲቲቢ ሎኮሞቲቭ ያለው ሰው ሞተሩንና ጎማውን ይዞ ቅርፊቱን በካርቶንና በቀጭን ፕላስቲክ በ87ኛ መጠን ቢሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረችው ድሬዳዋ በመደርደሪያው ላይ ልትቆም ትችላለች ማለት ነው። ሐዲዱን የሚሸከሙት የቲቲው ጋደሚያዎች ለዚህ ይቀጥናሉ፤ በአሸዋ ከተቀበሩ ግን አይታወቅም። አሸዋው ተነፍቶ ይድረቅ፣ ከዚያ ማግኔት በወረቀት ጠቅልላችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉበት፤ ብረት ያለበት ቅንጣት ከቀረ የሞተሩ ማግኔት ይስበውና ጥርሶቹን ይበላል። ከተዘረጋ በኋላ ኮላና ውኃ እኩል ተቀላቅሎ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ተጨምሮበት በጠብ ጠብ ይጠጣ። ሳሙናው ባይኖር ጠብታው አሸዋው ላይ ኳስ ሆኖ ይቀራል። ለመቀየሪያው ምላስ ሁለት ጣት ያህል ቦታ አሸዋ አይጠጋ። ግራሩ ከስምንት ቀጫጭን የመዳብ ክር ይገመዳል፤ ጫፉ እንደ ጃንጥላ ጠፍጠፍ ብሎ ይዘርጋ፣ ኮላ ይቀባና ተጠጥቶ የደረቀ የሻይ ቅጠል ይነስነስበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከኑረንበርግ