ጉዳዩ፦ የኤኤስ/400 ተርሚናል ግንኙነታችን ስለመቋረጡና መፍትሔ ስለማጣታችን

ለጥገና ድርጅቱ የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ

የመጋዘናችንን ኮምፒውተሮች በአዲስ ተክታችሁ፣ ፋየርዎሉንም (የኔትወርክ መከላከያውንም) ቀይራችሁ ከሄዳችሁ ወዲህ ሥራችን ተረብሿል። ስንደውል የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ሪስታርት አድርጉት።» ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ላስረዳ።

ክምችታችንም ሽያጫችንም ያለው ኤኤስ/400 በተባለው የአይቢኤም ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ምንም አላስቸገረንም። ችግሩ ያለው በእሱና በጠረጴዛችን ላይ ባሉት ኮምፒውተሮች መካከል ነው።

ሠራተኛዋ ዕቃ ልትቆጥር ወደ መጋዘን ትገባለች። ስትመለስ ስክሪኑ ደርቋል። ዘግታ ስትከፍተው 8902 የሚል ኮድ ይመጣል። የተጠየቀው ዲቫይስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሰርቨሩ ላይ በስሙ የሚታወቅበት ተርሚናል፣ አሁን አይገኝም ማለት ነው። አዲሱ ፋየርዎል ሥራ የፈታ ግንኙነትን በ30 ደቂቃ ይቆርጣል፤ ሲቆርጥም ለሰርቨሩ አይነግረውም። ሰርቨራችን ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ሰው መኖር አለመኖሩን የሚያጣራው ከ120 ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ የዲቫይሱን ስም እንደያዘ ይቆያል። እኛ ኮምፒውተሩን ደጋግመን ሪስታርት ብናደርግ፣ ሰርቨሩ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ሴሽን (ክፍት ግንኙነት) አይዘጋም።

ባለሙያችሁ መጥቶ ያደረገው የዲቫይሱን ስም አጥፍቶ ሰርቨሩ ራሱ ስም እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ግንኙነቱ ተከፈተ። ግን ፕሪንተራችን የታሰረው በዚያ ስም ነበር። የዕቃ ማውጫ ሰነዳችን ሌላ ቅርንጫፍ መታተም ጀመረ። ሾፌሮች ጭነው ወረቀት ሲጠብቁ ዋሉ።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የኪቦርዱ ጉዳይ ነው። አዲሱ ሶፍትዌር ሲጫን የቀድሞው የቁልፎች አደላደል አልተላለፈም፤ ፊልድ ኤግዚት የምንለው ቁልፍ ጠፋ። ይህ ቁልፍ ከጠቋሚው ወዲያ የቀረውን አሮጌ ቁጥር አጥፍቶ ወደሚቀጥለው ቦታ ያሻግራል። ታብ ግን ያሻግራል እንጂ አያጠፋም። 1200 በተጻፈበት ባለአራት አሃዝ ቦታ ላይ 50 ጽፎ ታብ የመታ ሰው የሚመዘግበው 5000 ነው። ይህ እኛ ዘንድ ደርሷል። ስቶር ኪፐሩ ባይጠራጠር ኖሮ ጭነቱ ወጥቶ ነበር። ከእናንተ በኩል «ሠራተኞቹ አይጠነቀቁም» መባሉን ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። ለዓመታት እጃቸው የለመደውን ቁልፍ የወሰዳችሁባቸው እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ኤኤስ/400 የሚያውቅ ባለሙያ ላኩልን። የዲቫይሶቹን ስም እንደነበረ ይመልስ። ሰርቨሩ ግንኙነቱን የሚያጣራበትን ጊዜ ፋየርዎሉ ከሚቆርጥበት ያሳጥር፣ ወይም ለዚህ ግንኙነት ብቻ የፋየርዎሉን ጊዜ ያራዝም። የኪቦርዱ ፋይል በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ዲስክ ላይ አለ። ዲስኮቹ እናንተ ጋ ናቸውና እባካችሁ እንዳታጠፏቸው። ደግሞም ለሙከራ ተብሎ ምስጠራ ወደሌለው ፖርት 23 የወረደው ግንኙነት ወደሚመሰጠረው 992 ይመለስልን። አሁን የይለፍ ቃላችን ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው። ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም።

ሥራው እስኪስተካከል የዚህ ወር የጥገና ክፍያ እንዲቆይ ለፋይናንስ ክፍላችን አሳውቄያለሁ። ባለሙያው የሚመጣበትን ቀን እስከ መጪው ዓርብ በጽሑፍ ግለጹልን።

ከሰላምታ ጋር
የክምችት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ