የሥዕል ክበብ፦ የሰሜኑን ብርሃን ስንሥል

የሥዕል ክበባችን የዘንድሮ ርዕስ የሩቅ ሰሜን መልክዓ ምድርና የሰዉ ኑሮ ነበር። ሰሜን ኖርዌይን መረጥን፤ በተለይ የሎፎተን ደሴቶችንና ከዚያ ወደ ላይ ያለውን፣ ሳሚ የሚባለው የአካባቢው ነባር ሕዝብ አገር። አንዳንድ ወላጆች «የራሳችን ተራራ ጠፍቶ ነው?» ብለውናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ልጆች የለመዱትን ነገር ሳያዩት ይሥሉታል። ሰማይ ሰማያዊ፣ ሣር አረንጓዴ፣ ፀሐይ ጥግ ላይ ቢጫ ክብ። ብርሃኑን የማያውቁት ሲሆን ግን ቆም ብለው ማሰብ ግድ ይላቸዋል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ስለዚህ ረጅሙና አጭሩ ቀናችን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሎፎተን 68 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ ጨርሶ የማትወጣባቸው ሳምንታት አሉ፤ በሰኔ ደግሞ እኩለ ሌሊትም አትጠልቅም። ልጆቹ ፀሐይ የሌለበትን ቀን ሥሉ ሲባሉ ወረቀቱን ጥቁር አደረጉት። ፎቶዎች ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፀሐይዋ ከአድማሱ ብዙም ስለማትርቅ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓታት ሐምራዊና ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል።

በረዶውን ለመረዳት ግቢያችን ውስጥ ነጭ አንሶላ ዘረጋን። ነጭ ነገር ላይ የወደቀ ጥላ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ፀሐይ ያልደረሰው ቦታ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ነውና። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ ጎንበስ ብላ አየችና «ቲቸር፣ ጥላው ውስጥ ሰማይ አለ!» አለች። ከዚያን ቀን በኋላ ጥላን በጥቁር የቀባ የለም።

የሠራነው በውሃ ቀለም ነው። በውሃ ቀለም በረዶው ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ፣ የት እንደማይቀባ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ለልጆች ይህ ከባድ ነው። ባዶ ቦታ አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ዓመቱን ሙሉ ደጋግመን የታገልነው ከዚህ ጋር ነው፤ ትልቁን ለውጥ ያየሁትም እዚሁ ላይ ነው።

ከሠዓሊዎች አና ቦበርግን አጠናን። ስዊድናዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1901 ሎፎተንን አየች፤ ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ እየተመላለሰች ሣለችው። በዚያ ብርድ ከእንስሳ ፀጉራም ቆዳ የተሠራ ልብስ ለብሳ ደጅ ቆማ ነበር የምትሥለው። ሥዕሎቿ ውስጥ ከተራራው ሥር የአጥማጆች ጀልባዎች አሉ። ይህን ልጆቹ እንዲያስተውሉ በጣም ፈልጌ ነበር። እኛ ሩቅ ሰሜንን ሰው የሌለበት ባዶ አገር አድርገን እናስበዋለን። ሎፎተን ውስጥ ግን ዋናው የሥራ ጊዜ ብርዱ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ ኮድ የሚባለው ዓሣ ከባረንትስ ባሕር እንቁላል ሊጥል ይመጣል። የተያዘው ዓሣ በእንጨት ቆጥ ላይ ይሰቀልና ያለ ጨው፣ በነፋሱና በቅዝቃዜው ብቻ ይደርቃል። «የዓሣ ቋንጣ!» አሉ ልጆቹ። ከዚያ በኋላ ቆጡን ያልሣለ አልነበረም።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ጆን ሳቪዮ ነው። ሳቪዮ ራሱ ሳሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ተወልዶ በ1938 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። እንጨት ላይ እየቀረጸ ያትም ነበር። ሬንዲር የሚባሉትን የበረዶ አገር አጋዘኖችና እረኞቻቸውን ከውስጥ ሆኖ ያሳየናል። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የእሱን ሥራዎች ካዩ በኋላ መልክዓ ምድራቸው ውስጥ ሰው መግባት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ እረኛ ብቻ፣ ኋላ ላይ መንጋ፣ ድንኳን፣ ጭስ።

ሥዕሎቹ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ናቸው። ወላጆች መጥታችሁ እንድታዩ እንወዳለን። ጥሩ የውሃ ቀለም ወረቀት ውድ ሆኖብን ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል ሥለናል፤ ወረቀት ሊያግዘን የሚችል ካለ ደስ ይለናል። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ማንም መግባት ይችላል፤ ሥዕል መቻል አይጠየቅም።