ከኡፕሳላ ወደ ቡራዩ፤ ለእናቴ

ውድ እናቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሁልሽ የጉልበት ቅባት ደርሶሽ ይሆን?

ባለፈው በስልክ «ለቤተ ክርስቲያን ሽምግልና ጠቁመውኝ ነበር፤ እኔ ግን ጓዳው ይበቃኛል አልኳቸው» ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እማዬ፣ ያ ማኅበረ ምእመናን እኮ የተወለደው በአንቺ ሳሎን ነው! አሸዋ ሜዳ ጭቃ ብቻ በነበረ ጊዜ አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት እየተዋስሽ ሰው አስቀመጥሽ። ለአዳራሹ ቆርቆሮ የአንገት ሀብልሽን ሸጥሽ። ሌሊት ሰው ሲታመም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የአንቺ በር ነው። ሽምግልናውን ስትሠሪው ኖረሻል፤ የቀረሽ ውሳኔው ከሚሰጥበት ጠረጴዛ መቀመጥ ነው።

እዚህ ስዊድን መጀመሪያ ከሴት ቄስ እጅ ቅዱስ ቁርባን ስቀበል እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ለስዊድኖቹም ቀላል አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናቸው በእነርሱ አቆጣጠር በ1958 ፈቀደች፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴቶች በ1960 ተቀቡ፤ አንትየ ያከለን የመጀመሪያዋ ሴት ሊቀ ጳጳስ እስኪሆኑ ግን 2014 ደረሰ። የእኛዋ መካነ ኢየሱስም ሴቶችን በቅስና መቀባት ከጀመረች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ታዲያ አንቺን የከለከለሽ ማን ነው?

ጳውሎስ ሴት እንድታስተምር አልፈቅድም ብሎ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን እኔም አንብቤዋለሁ፤ ቀላል ቃል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ነገር ግን ሮሜ 16ን ክፈቺ፤ ያው ጳውሎስ የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነችውን ፌቤንን በአደራ ሲሰጥ ታገኛለሽ። አስቴር ጋኖንም አስቢ። ከባርነት ነጻ ወጥታ፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ደከመች።

ደግሞ እውነተኛው ምክንያትሽ አይጠፋኝም። ትምህርትሽ መሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ማንበቡ ያስፈራሻል። ቃለ ጉባኤውን ወጣቶቹ ይጽፉታል፣ ያነቡታልም። የትኛዋ መበለት የቤት ኪራይ እንዳቃታት፣ በየትኛው ቤት ልጆች ሳይበሉ እንዳደሩ የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ፤ እዚያ ከሚቀመጡት ወንድሞች ይህን የሚያውቅ የለም።

ምርጫው ከፋሲካ በኋላ ነው ብለሽኛል። እባክሽ ከእሑድ በፊት ለቄሱ ደውዪላቸውና «እንደገና አስቤበታለሁ» በያቸው። ወንድሜ ደግሞ ዓይንሽን አስመርምሮ የመነጽርሽን ቁጥር ይላክልኝ፤ በሚቀጥለው ወር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ፣ አሠርቼ እልክልሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ