ለእማዬ፣ ስለ ክኒኑ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

በስልክ ስነግርሽ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና አንብቢው።

እሁድ ስመጣ የደም ግፊት ክኒንሽን ከመሶቡ ጀርባ አገኘሁት። አዲሱ እሽግ አልተነካም። ስጠይቅሽ «128 በ80 ነው አሉኝ፤ ድኛለሁ» አልሽ። እማ፣ ቁጥሩን ያወረደው እኮ ክኒኑ ነው! ስታቆሚው ተመልሶ ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ አይነግርሽም። «ራሴን አላመመኝም» ትያለሽ፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ራስ አያሳምምም። ድምፁን አጥፍቶ ነው ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን ደም ሥር የሚጎዳው።

«ደም ብዛት» የሚለው ስምም ሳያሳስትሽ አልቀረም። ደምሽ በዝቶ አይደለም። የበዛው ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ሲኮማተር ነው፣ የታችኛው ሲያርፍ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል። አንቺ መጀመሪያ ስትለኪ የላይኛው 168 ነበር፤ እኔ አልረሳሁትም።

እግሬ አበጠ ያልሽውን ግን አልናቅኩትም። ክኒንሽ፣ አምሎዲፒን፣ ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ለሐኪሙ እንንገረው፤ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ሌላ ይሰጥሻል። በራስሽ ማቆም ግን አይሆንም። ለጾሙም መላ አለው። በቀን አንዴ የሚዋጥ ስለሆነ ወደ ማታ ማድረግ ይቻል እንደሆነ አብረን እንጠይቃለን።

ስለ ጨው ልናገር ነው፤ አትቆጪ። የሚመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ያንቺ በርበሬና ሽሮ ሲፈጩ ጀምሮ ጨው አለባቸው። ወጡ ላይ ደግሞ ትጨምሪያለሽ። ቢያንስ የሚቀጥለውን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጪው። (ያንቺን ሽሮ ለማረም መድፈሬን እኔም አላመንኩም።)

ሌላው አለካክሽ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ወጥተሽ፣ አራት ኪሎ እያለከለክሽ ደርሰሽ፣ በሹራብ ላይ የተለካ ልኬት አይታመንም። 5 ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እግርሽን አታጣምሪ። ክንድሽ ይገለጥ፣ በልብሽ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ከመለካትሽ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና የለም።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መለኪያውን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ጀበናውን እንዳትጥጂ። ለክተን ስንጨርስ እኔ አፈላልሻለሁ።

ልጅሽ