ላፕቶፑ ተሠራ፣ ባትሪውስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ለእናንተ። ይህን የምጽፈው ሻይ ወይም ቡና ላፕቶፑ ላይ ፈስሶበት ወደ ጥገና ቤት ለሚሮጥ ሰው ነው። የጥገና ልጆችም ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ከሁለት ወር በፊት ስኳር የበዛበት ማኪያቶ ኪቦርዱ ላይ ተደፋብኝ። ወዲያው አጥፍቼ ገለበጥኩት፣ በማግስቱም ወሰድኩት። ፈትተው ማዘርቦርዱን (ዋናውን የውስጥ ቦርድ) በአልኮል አጠቡ፣ ኪቦርድ ቀየሩ፣ በሦስተኛው ቀን «እንደ አዲስ ሆኗል» ብለው አስረከቡኝ። እውነትም ይሠራል። ስለ ባትሪው ግን ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ታችፓዱ አልጫን አለ። አቧራ መስሎኝ ተውኩት። ቀጥሎ ክዳኑ አልገጥም አለ፣ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠውም መወዛወዝ ጀመረ። ለካ ባትሪው ተነፍቶ ከውስጥ እየገፋው ነው! ያን ሁሉ ሌሊት ታናሽ እህቴ በተኛችበት ክፍል ቻርጅ ላይ እንደሰካሁት ነበር የሚያድረው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

መልሼ ስወስደው የገጠመኝ ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። «ባትሪ እኮ ያረጃል፣ ከእኛ ሥራ ጋር አይገናኝም» አሉኝ። አንደኛው ልጅ ጭራሽ በመርፌ ወግቶ አየሩን ላስወጣው አለ። እግዜር ይስጠው፣ አጠገቡ የነበረው ጓደኛው እጁን ያዘው። ወገኖቼ፣ ውስጡ ያለው አየር አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ሲበላሽ የሚፈጥረው ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ ሴሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚይዘው የባትሪው ክፍል፣ ከተበሳ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ሾርት አድርጎ ባንዴ ሊነድ ይችላል። የተነፋ ባትሪ አይበሳም፣ አይጫኑትም፣ ቻርጅም አይደረግም።

እርግጥ ባትሪ በእርጅናም ይነፋል። የኔው በማኪያቶው ነው ብዬ አልምልም። ቅሬታዬ ማንም ሳያየው «ደህና ነው» ተብሎ መመለሱ ላይ ነው። ላፕቶፕ ቢጠፋም ባትሪው እስካልተነቀለ ድረስ ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ እርጥበት ሲያገኘው ብረቱን ቶሎ ይበላዋል። ውሃው ይደርቃል፣ ወተቱና ስኳሩ ግን ተጣብቀው ይቀራሉ። ባትሪው ውስጥም አንዲት ትንሽ ቦርድ አለች። ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉና እንዳይግሉ የምትጠብቃቸው እሷ ናት፣ እሷ ላይ ፈሳሽ ከደረሰ ጠባቂው ታመመ ማለት ነው። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ሲመረት የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል፣ ጥሩ ነው፤ ፈሳሽ መግባቱን ግን አይናገርም። እሱ የሚታወቀው ተከፍቶ በዓይን ሲታይ ነው።

ስለዚህ ጠጋኞች፣ ፈሳሽ የነካው ላፕቶፕ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። ማገናኛውን እዩ፣ ዝገት ወይም እብጠት ካለ ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት፣ ያያችሁትንም ደረሰኙ ላይ ጻፉለት። ይቀየር ብትሉኝ ኖሮ እከፍል ነበር። ደንበኛም ቢሆን «ተሠራ?» ብሎ ብቻ መውጣት የለበትም፤ «ባትሪውን አይታችሁታል?» ይበል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ አሮጌውን ግን ሻጩም ጠጋኙም አልረከብም አሉኝ። አሁን በረንዳ ላይ፣ አሸዋ በሞላሁበት የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተቀምጧል። ባትሪ የሚሸጥ ሁሉ አሮጌውን መልሶ እንዲረከብ ቢደረግ ምን አለበት? የሰፈራችን ቆሻሻ ሰብሳቢ ልጆች ማዳበሪያውን በእግራቸው እየረገጡ ነው የሚጠቀጥቁት። በእነሱ ማዳበሪያ ውስጥ አልጥለውም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ