የቅርስ ክበብ፦ በሮምኒ ማርሽ ገጠር ያየነው

ዓመቱ ሲጀመር የክበባችንን ልጆች "ዘንድሮ ምን እናጥና?" አልኳቸው። ላሊበላ ወይም ጎንደር ይሉኛል ብዬ ነበር። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ግን "ቲቸር፣ እዚሁ አጠገባችን ገጠር ያሉትን አሮጌ ቤተ ክርስቲያኖች ለምን አናይም?" አለች። እውነቷን ነው። ከለንደን ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

የመረጥነው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት የሚገኘውን ሮምኒ ማርሽን ነው። ከባሕር የተነጠቀ ረግረግ ነው፤ ቦይ፣ ሣርና በግ ብቻ። በዚህ ሜዳ ላይ 14 የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ ቆመዋል። ሲሠሩ የካቶሊክ ነበሩ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1534 ከሮም ከተለየ በኋላ ነው የአንግሊካን የሆኑት። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የልጆቹ የመጀመሪያ ጥያቄ "ሰው ሳይኖር ይሄ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ለማን ነው?" የሚል ነበር። ሰው ነበረ። በ1348 የገባው ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨረሰ። ከዚያም ወባ አለ። አዎ፣ ወባ፣ እንግሊዝ አገር! ወላጆች ይህን ስነግራቸው ማመን አቅቷቸው ነበር። ሆፕ የሚባለው አጥቢያ ነዋሪ አጥቶ ዛሬ የቀረው የፈረሰ ግድግዳ ነው።

ኒው ሮምኒ ቅዱስ ኒኮላስ ስንደርስ ለመግባት ወደ ታች ወረድን። በ1287 የተነሳው ማዕበል ከተማውን በደለል ሞልቶ ወንዙን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው። መሬቱ ከፍ ሲል ቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ቀረ። ምሰሶዎቹ ላይ የደለሉ እድፍ አሁንም አለ። አንዱ ልጅ መዳፉን እድፉ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆመ። እኔም አልተናገርኩም።

ፌርፊልድ ቅዱስ ቶማስ ቤኬት መሐል ሜዳ ላይ ብቻውን ነው የቆመው። መንገዱ ሳይሠራ በፊት፣ ጎርፍ ሲሞላ ምእመኑ በጀልባ ወይም በፈረስ ይመጣ ነበር። ልጆቹ ወዲያው "እንደ ጣና ገዳማት!" አሉ። ከውጭ ሲያዩት ጡብ ነው፤ ገብቶ ቀና ላለ ግን ጥንታዊው የእንጨት አጥንቱ ይታያል። ጡቡን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያለበሱት። አብረውን የመጡ አንዲት አያት በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዘም፤ ልጆቹ ሁሉ ተከትለው አወለቁ። ወለሉ በረዶ ነበር። እማማ ግን በነጭ ቀለም የተቀቡትን፣ በር ያላቸውን መቀመጫዎች እያዩ "ቁመው አይጸልዩም እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ግማሽ ሰዓት ያወራነው በዚሁ ላይ ነው።

ልባችን የቀረው ግን ብሩክላንድ ነው። የደወሉ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ተነጥሎ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሦስት የእንጨት ቆብ የተደራረበ ይመስላል። ውስጥ ከእርሳስ የተሠራ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የክርስትና ገንዳ አለ። ዙሪያውን የወራቱ ሥራ ተቀርጿል። በየካቲት ሰውዬው እሳት ይሞቃል፣ በሰኔ ሣር ያጭዳል፣ በነሐሴ እህል ያጭዳል። "ነሐሴ አጨዳ?" አሉ እማማ፤ "ነሐሴ'ማ ጭቃ ነው!" የአገር ቤቱን የኅዳር አጨዳና የጥር ውቂያ እዚያው ቆመው ለልጆቹ አስረዷቸው። ልጆቹ በማስታወሻቸው እየጻፉ ነበር። ለአንድ ቅዳሜ ይህን ያህል አማርኛ ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ጀምሮ ክበቡ የራሱን 12 ወር እየሳለ ነው። እስካሁን 9 ወር ተጠናቋል። ጳጉሜን የት እንደምናስገባት እየተከራከርን ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ስናርጌት እንሄዳለን፤ እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሳለ አሮጌ መርከብ አለ። መኪና ያላችሁ ወላጆች ስማችሁን ቢሮ አስመዝግቡልን።