ቤቱን ከመንደፍሽ በፊት ውሃውን ተከተዪ

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ንድፍ ደጋግሜ አየሁት። ክፍሎቹ በደንብ ተደልድለዋል። ያሳሰበኝ ቤቱ የሚያርፍበት ተዳፋት ወረቀቱ ላይ የትም አለመታየቱ ነው። የጭቃ ቤትን በአብዛኛው የሚያፈርሰው ውሃ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲጥል ቦታው ላይ ቁሚና ጎርፉ ከየት መጥቶ በየት እንደሚወርድ እዪ።

የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ቁልቁለቱ አይዘርጋ፤ አግድም ይሁን፣ ቁፋሮው ያንሳል። ግማሹን ቆርጠሽ ግማሹን በቁፋሮው አፈር ሞልተሽ መሠረት እንዳታስቀምጪ። የተሞላው ወገን እየሰጠመ ይሄድና ግድግዳው ልክ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በሙሉ ያልተነካ ጠንካራ አፈር ላይ ይውረድ፤ ቁልቁለቱ ካስገደደ በደረጃ ይቆፈር፣ የየደረጃው ወለል ግን በውሃ ልክ ይስተካከል። የመሠረቱ የድንጋይ ግንብ ከመሬት በላይ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ይውጣ። በላይኛው በኩል፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። መሬቱ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ከሆነ ከተቻለ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል ይጥለዋል።

አፈሩን በዓይን ብቻ አትመኚው። ከለሙ አፈር ሥር ቆፍረሽ አውጪ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ሲሶውን በዚያ አፈር፣ የቀረውን በውሃ ሙዪ፤ ቁንጥር ጨው ጨምረሽ በኃይል ነቅንቂና አንድ ቀን አስቀምጪው። አሸዋው ወዲያው ከታች ይተኛል፣ ደለሉ ከላዩ፣ ሸክላው መጨረሻ ላይ። ለጭቃ ጡብ ሸክላው ከ15 እስከ 30 በመቶ ቢሆን ደህና ነው። ከዚያ ሲበዛ ጡቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋና ጭድ ጨምሪ። ሲያንስ በእጅ ይፈረፈራል። ሦስት አራት ዓይነት ድብልቅ በትንሹ ሠርተሽ፣ አድርቀሽ ሳታወዳድሪ ወደ ሥራው አትግቢ፤ ማንም ቢያጣድፍሽ እሺ አትበዪ። ጡቡም መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ፊቱን ቀድማ ካደረቀችው፣ ውስጡ ገና እርጥብ ሳለ ይተረተራል።

የግድግዳው ውፍረት 40 ሳንቲሜትር ከሆነ ቁመቱ ከ3 ሜትር፣ ያለ ማገናኛ ግድግዳ የሚሄደው ርዝመት ከ4 ሜትር አይለፍ። ማዕዘኑ አጠገብ የሳልሽውን መስኮት ቢያንስ አንድ ሜትር አርቂው፤ ማዕዘን የቤቱ ጉልበት ነው። ጉበኑ፣ ከበርና ከመስኮት በላይ የሚጋደመው፣ በግራና በቀኝ 30 ሳንቲሜትር ግድግዳው ላይ ይረፍ። የጣሪያው ክፈፍ ከ60 ሳንቲሜትር ያላነሰ ወደ ውጭ ይውጣ።

ልስኑን በሲሚንቶ ለማድረግ ማሰብሽን አልወደድኩትም። ሲሚንቶ ይደርቃል እንጂ ከጭቃው ጋር አብሮ አይተነፍስም፤ በስንጥቁ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል፣ ልስኑም እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ጭድ በገባበት ጭቃ መርጊው፣ ላዩን ኖራ ቀቢው።

ንድፉን ስታስተካክዪ ተዳፋቱን ከጎን የሚያሳይ ሥዕል ጨምሪበት፤ የመሠረቱን ደረጃዎች በየቁመታቸው ጻፊና መልሰሽ ላኪልኝ።

አባትሽ